ገመድ ይዤ ወደ ኖርድኤንድ

እኔና ባለቤቴ ደሳለኝ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው የሰው ቁም ሣጥን ማውረድ ነበር። ቤት ለሚቀይሩ ወዳጆቻችን፣ ከሦስተኛ ፎቅ። እሱ ከላይ ገመዱን ይዟል፤ እኔ ከታች «ቀስ፣ ግድግዳውን!» እላለሁ። ሲጨርስ ገመዱን በክርኑና በመዳፉ ጠቅልሎ ቋጠረና ቤታችን በር ላይ ሰቀለው። በዚያው ሳምንት ልቡ ቆመ። ገመዱን ማንም ሳይነካው ከረመ።

ሽቫንሃይም፣ ንጋት

ከሰፈራችን ጫካ በኩል የእርጥብ ቅጠል ሽታ ይመጣል። የደሳለኝን ሰማያዊ የሥራ ቱታ ለብሻለሁ፤ ጓንት፣ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ፣ ገመዱ። ልጃችን ማህሌት «ቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ኡምሱግ አለው፤ ትመጫለሽ?» ብላኛለች። ትምህርት ቤቱ፣ ጊምናዚየሙ፣ ከጥንቱ ሕንጻ ለቆ አዲስ እንደሚገባ ሰምቻለሁ። እኛ እዚህ ጀርመን ያለን ሐበሾች ኡምሱግ ሲባል የምናውቀው ቤት መቀየርን ነው፤ አንዱ ሲቀይር ሌላው ሊሸከም ይመጣል። ከቀብሩ ወዲህ ከሥራ በቀር የትም አልሄድኩም። ዛሬም ብቀር ልጄ ሁለተኛ እንደማትጠይቀኝ ገብቶኛል።

ትራም ውስጥ፣ ኒደርራድ

የቢሮዎቹ መስታወት ፀሐይ ይዟል፤ ቅዳሜ ስለሆነ ሰው የለም። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት ጋሽ ወርቁ ተሳፈሩና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«አንቺ፣ ጫካ ፍየል ልታስሪ ነው?»

«የማህሌት ትምህርት ቤት ኡምሱግ አለው፣ ጋሼ። ወንበር ላግዝ ነው።»

«ጀርመን ወንበሩን በወላጅ ያስሸክማል እንዴ?»

«ካላመኑኝ አብረውኝ ይምጡ።»

«እኔ ብመጣ ወገቤን ማን ይሸከምልኛል?» አሉና ሲወርዱ እጄን ያዙ። «ደሳለኝ ቢኖር መኪና ሙሉ ሰው ይዞ ይሄድ ነበር።»

ኖርድኤንድ፣ አሮጌው ሕንጻ

ቀይ ድንጋይ ነው፤ የደረጃዎቹ መሐል በተማሪ እግር ጎድጉዷል። ግን የጭነት መኪና አላይም። ከበሮ፣ መለከት፣ ፊኛ። አስተማሪዎቹ የድሮ ዘመን ረጅም ባርኔጣ አድርገዋል። ቱታዬን አየሁና ወደ ትራሙ ዞርኩ።

«ማማ!» ማህሌት ዋሽንቷን ይዛ ትሮጣለች። ከጫማዬ እስከ ሻሼ አየችኝ። «ጓንቱስ?»

«ለወንበሩ ነዋ።»

«ናይን፣ ማማ፣ አይደለም። ዕቃው እኮ ባለፈው ሳምንት ሄዷል። ኡምሱግ ሰልፍም ማለት ነው።»

ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ይህን ሳቅ አልሰማሁትም። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ሳቅኩ።

አንዲት አስተማሪ መጣች። የአምስተኛ ክፍል ልጆች መንገድ ላይ እየተበተኑ አስቸግረዋታል፤ ይዘውት እንዲሄዱ ገመዱን አውሳት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቋጠሮው የደሳለኝ ነው። ማህሌት በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው፣ ፈታነው።

ወደ አዲሱ ሕንጻ

ልጆቹ ገመዱን በግራና በቀኝ ይዘዋል፤ ፊተኛው ጫፍ የኔ ነው። የጥንት ተማሪ የሆኑ አንዲት አሮጊት የአሮጌውን ሕንጻ በር መታ መታ አድርገው ተሰናበቱት። ካፌዎቹ በር ላይ ሰዎች ቆመው ያጨበጭባሉ። አንድ ባርኔጣ ያደረጉ አባት ቱታዬን እያዩ፣ «እርስዎ ምን ለመምሰል ነው የለበሱት?» አሉኝ።

«ዕቃ ተሸካሚ።»

«እንዴት ያለ ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ፤ ከምር። ማህሌት ከሳቋ የተነሣ ዋሽንቷን መንፋት አቃታት።

አዲሱ ሕንጻ ቀለም ቀለም ይሸታል። ድፎ ዳቦው ግቢው ውስጥ ወዲያው አለቀ።

መመለሻ

ትራሙ ውስጥ ማህሌት ትከሻዬ ላይ ተደግፋለች። «ፓፓ ቢያይሽ ይስቅ ነበር።»

«ይስቅብኝ ነበር በይ።»

ቤት ስንገባ ገመዱን በክርኔና በመዳፌ ጠቀለልኩት። እንደሱ አላማረልኝም። በሩ ላይ ሰቀልኩት።

አሁን ሐበሻ ቤት ሲቀይር ለኔ ይደውላል። ገመዱን ይዤ እሄዳለሁ።