ሁለት ጣት ማጉደል

መካኒኩ ከመኪና ሥር ሲወጣ መጀመሪያ የሚታዩት እግሮቹ ናቸው፤ ቀጥሎ ሆዱ፣ ቀጥሎ አንድ ረጅም ትንፋሽ። ፊቱ መጨረሻ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ገብቶ እንዲህ ወጥቷል። አሁን አሁን ግን ከእግሮቹ እስከ ፊቱ ያለው ጊዜ ረዝሟል። ወገቡ “ቆይ እስቲ” ይለዋል፤ እሱም አንገቱን ሲሚንቶው ላይ ጥሎ ይቆያል።

የሚሠራው መንገድ በሌለበት የሚነዱ መኪኖችን ነው። እንዲህ ያለ መኪና ጉድጓድ ሲዘል ገላው ወደ ላይ ይነሳል፣ ጎማው ወደ ታች ይንጠለጠላል። የሚይዘው ከሌለ ያን ሁሉ ክብደት አሞርዛተሩ፣ ንዝረት የሚያበርደው ባለ ዘይት ቱቦ፣ ብቻውን ተሸክሞ ከውስጥ ይበጠሳል። ስለዚህ ከመኪናው አፅም ከሻንሲው፣ ጎማዎቹን እስከሚያገናኘው ብረት እስከ አክስሉ፣ በግራም በቀኝም፣ ጠንካራ የናይለን ቀበቶ ይታሰራል። ጎማው ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ቀበቶው ይይዘዋል። በጋራዡ ልጓም ይሉታል። ክንድ የማይሞላ ጨርቅ ያን ያህል ብረት አየር ላይ ማስቆሙ፣ ላየው ሰው፣ ተአምር እንጂ ሌላ አይመስልም።

ሲያዩት ቀላል ሥራ ነው። መኪናውን በክሪክ ማንሳት፣ ጎማውን መንቀል፣ አክስሉን እስከ መጨረሻው ማውረድ፣ ከላይኛው ቡሎን እስከ ታችኛው መለካት። ችግሩ ናይለን ሲጎተት ይለጠጣል፤ በልኩ ከታሰረ አሞርዛተሩ ቀድሞት ተዘርግቶ ያልቃል። ከልኩ ትንሽ መጉደል አለበት። ስንት?

“ሁለት ጣት” ይላል መካኒኩ፣ አፉን ሞልቶ።

ሌላው በሜትር ይለካል። እሱ ጠቋሚውንና የመሀል ጣቱን አጋጥሞ ቀበቶው ላይ ከልኩ ወደ ውስጥ ያጋድማል፣ በጠመኔ ያሰምራል፣ መስመሩ ላይ በጋለ ብረት ይበሳል። ስሙም ከዚያ ወጣ፤ ጋሽ ሁለት ጣት። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መንጃ ፈቃዱ ብቻ ናቸው።

ያን ዕለት ከምሳ በኋላ የጤና ጣቢያው ሾፌር መኪናዋን እያስነከሰች አስገባች። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ያሰረላት የቀኙ ልጓም ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፤ ከጎኑ ያለው አሞርዛተር ዘይቱን ያነባል።

“ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ ተበጠሰ ብል ማን ያምነኛል?”

“ዘፈን ከፍተሽ ስታስጨፍሪው ነዋ!” አለ በያጁ ከጥግ። በያጁ የመካኒኩ ሚስት ወንድም ነው፤ ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል።

“አንተ ዝም በል። ብየዳህ ስላልተነቀለ ነው የሚያስቀልድህ።” ወደ መካኒኩ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ከመጀመሪያውም ቅር ብሎኝ ነበር። ሲዘል ባንድ እግሩ ነው የሚያርፈው፣ እንደ አንካሳ። ትናንት ደረቁ ወንዝ ውስጥ ስወርድ ጧ አለ። ከኋላ ነፍሰ ጡር ይዤ ነበር።”

“ተጎዳች?”

“ኧረ ደህና ናት። እንዲያውም ተገላግላለች። እኔ ግን የቀረውን መንገድ እንደ ኤሊ ነው የነዳሁት።”

ብትጮህበት ይቀለው ነበር። መካኒኩ ሁለቱንም ልጓሞች ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። የተበጠሰውን ገጥሞ አስተያየው። የቀኙ ከግራው አጠረ፤ ሸክሙን ሁሉ ቀድሞ የተቀበለው እሱ ነው።

“ፋብሪካው አሳስቶት ነው” አለ በያጁ።

“ቀዳዳውን ፋብሪካ አልበሳውም። እኔ ነኝ።”

የቀኝ ጣቶቹን የቀኙ ልጓም ምልክት ላይ አጋደመ፤ ልክ ነው። እነዚያኑ ጣቶች ወደ ግራው ልጓም አዞረ፤ ተረፉ። የግራ እጁን አመጣ፤ ልክ ሆነ። ከመኪና ሥር በጀርባው ሲተኛ የግራውን በግራ እጁ፣ የቀኙን በቀኝ እጁ ነው የሚለካው፤ ሁልጊዜም የሚቀርበው እጅ። ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አያቸው። ቀኙ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል፤ አንጓዎቹ አብጠው፣ ጣቶቹ ወፍረው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እጅም ለካ ቀስ እያለ ባዳ ይሆናል።

በያጁ ካሊፐር አምጥቶ ለካቸው። “ግራው ሦስት ተኩል ሴንቲ። ቀኙ አምስት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል።” ካሊፐሩን አስቀመጠ። “ባለፈው ክረምት ጓንቱ አልገባ ሲልህ እኮ ጓንት ሰፊውን ነው የሰደብከው።”

“ከዚያ ወዲህ ስንት መኪና አሰርኩ?”

“የሷን ጨምሮ ዘጠኝ።” በያጁ ወደ ሾፌሯ አየት አድርጎ ተጠጋው። “ስማኝ። የሷን አስተካክልና ነገሩ እዚሁ ይቅር። ስምህ ነው እንጀራህ። ‘ሁለት ጣት ተሳሳተ’ ከተባለ ማን ይመጣልሃል?”

መካኒኩ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። የሠላሳ አራት ዓመት ድካም ባንድ ከሰዓት ተጠራቅሞ የመጣበት መሰለው። ስምንት መኪና የሆነ ዳገት ላይ፣ የሆነ ወንዝ ውስጥ፣ ባንድ እግሩ እያረፈ ነው።

“ሜትርህን ስጠኝ” አለ።

በያጁ ከኪሱ አውጥቶ፣ ለጎረምሳ ምርኩዝ እንደሚያቀብል ሰው፣ እያፈረ ሰጠው።

አዲሶቹን ልጓሞች ለክቶ፣ በስቶ፣ አዲስ አሞርዛተር ገጥሞ፣ ቡሎኖቹን አጠበቀ። ክሪኩን ሲያላሉት አክስሉ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ሁለቱም ልጓሞች ባንድ ጊዜ ተወጠሩ። ሾፌሯ ጎንበስ ብላ አየች።

“ጋሼ፣ ምኑ ነበር ታዲያ?”

በያጁ ጉሮሮውን ጠራረገ። መካኒኩ ሁለት እጆቹን አሳያት።

“ቀበቶው ምንም አላደረገም፣ ልጄ። እጄ ነው። አንዱን ጎን አሳጥሬ አሰርኩልሽ።”

ቀኙን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው። “ይሄን ሐኪም አይቶታል? ነገ ጠዋት መጥቼ እወስድዎታለሁ።”

“እኔ እደርሳለሁ። አንቺ ሂጂ፣ ሳይመሽብሽ።”

ከሄደች በኋላ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ተደገፈ። ስልኩን በያጁ እየደወለ ጆሮው ላይ ያደርግለታል።

“ሁለት ጣት ነኝ። መኪናህን መልስልኝ… አይ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም። ያሳጠርኩት እኔ ነኝ… እየቀለድኩ አይደለም።”

ሁለተኛው ሳቀበት። ሦስተኛው አልሳቀም፤ ከሐሙስ በፊት አይመለስም፣ ሰዎች ጭኗል፣ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት አላወቅህም ብሎ ጮኸበት። መካኒኩ እስከ መጨረሻው ሰማው። “እውነትህን ነው። ጉድጓድ ስታይ ቁም፣ አትዝለል” አለው።

በያጁ ስልኩን ይዞ ቆመ። “ነገ ብንቀጥልስ? ደክሞሃል እኮ።”

“ደክሞኛል” አለ መካኒኩ ዓይኑን ሳይገልጥ። “ለአራተኛው ደውል።”