ጣትሽን አስቀምጪ

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ ቤዛ የንባብ ጥያቄዎቿን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበረንዳው በኩል ስለሚገባ ለማንበብ ይመቻል። ምንባቡን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝና አንዱን ጥያቄ እኔ መለስኩላት።

«የቱ ጋ ነው የሚለው፣ እማማ? ጣትዎን ያስቀምጡ እስቲ» አለችኝ።

መነጽሬን አላደረግኩም ነበር። ዝም ብዬ አስቀመጥኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

ይህን አነጋገር ከሰማሁ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የአማርኛ አስተማሪያችን አራት አራት እያደረገ ያወያየን ነበር። መጽሐፉ ለአራት አንድ ስለሆነ ዴስኩ ላይ ዘርግተን እንከበዋለን። መልስ አለኝ የሚል ሰው መልሱ ያለበት መስመር ላይ ጣቱን ማስቀመጥ አለበት፤ በግምት እንዳንጽፍ ነው። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር የቡድናችንን መልስ በቀለም የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

አስካለ ከጎኔ ትቀመጥ ነበር። አባቷ አብነት ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ክረምቱ ወጥቶም የሰፈሩ ጭቃ ቶሎ አይደርቅም፤ እሷ የሹራቤን እጅጌ ይዛ፣ በሌላ እጇ ሽምብራ ቆሎ እያቀበለችኝ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ላየን ሰው ወዳጅነት ብቻ ይመስለዋል። ዓይኗ እየደከመ መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። «አባዬ ከሰማ ከትምህርት ቤት ያስቀረኛል፤ ዓይንሽን የጨረሰው ንባብ ነው ይላል» ብላ አስምላኛለች። ምንባቡን አስቀድሜ አነብላታለሁ፤ አንዴ የሰማችውን አትረሳም። መልስ ስትሰጥ ደግሞ ጣቷን ገፋ አድርጌ መስመሩ ላይ አሳርፍላታለሁ።

የዚያን ቀን ምንባብ ገበያ ሊሄዱ ወጥተው ከመንገድ ስለተመለሱ አንድ ሽማግሌ ነበር። ለምን ተመለሱ? ይላል ጥያቄው። እኔ ከዘራቸውን ስለረሱ ነው ብዬ ጣቴን አስቀምጬ ጻፍኩ።

«ከዘራው ሰበብ ነው» አለች አስካለ። «የታመመች ሚስታቸውን ብቻዋን ትተው መሄድ አልሆነላቸውም።»

ከፊታችን የሚቀመጠው ጌታቸው እውነቷን ነው፣ ሰርዢው አለኝ። በቀለም የጻፍኩትን መሰረዝ አንገበገበኝ።

«የቱ መስመር ላይ ነው? ጣትሽን አስቀምጪ» አልኳት።

ጣቷን ዘረጋች። እንደ ልማዴ እስክገፋላት ጠበቀች። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ጣቷ ከጽሑፉ አልፎ ሥዕሉ ላይ፣ የሽማግሌው አህያ ሆድ ላይ አረፈ።

«አህያው ነው የነገረሽ?» አለ ጌታቸው። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

አስተማሪው ሳቁን ሰምቶ መጣና ከዚያው ላይ እንድታነብ ጠየቃት። ጣቷን ከሥዕሉ ላይ አላነሳችም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጎንበስ ብሎ በቀስታ አነጋገራትና ለማግስቱ አባቷን አስጠራ። አባቷ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ መጡ። የቀረ ዓይኗን መጽሐፍ እንዳይጨርስባት ሰግተው ይዘዋት ሄዱ፤ አልተመለሰችም። የጻፍኩት መልስ ሲታረም ኤክስ ተደርጎበት መጣ። ልክ እሷ ነበረች።

በሳቅንባት ቀን ወደ ቤት ስንመለስ እጅጌዬን አልያዘችም። አጥር አጥሩን እየዳሰሰች ሄደች። አብነት ስንለያይ «አንቺ ታውቂ ነበር» አለችኝ።

ከዓመት በኋላ በአባቷ ሱቅ በኩል ሳልፍ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ቀዳዳውን በጣቷ እየፈለገች ቁልፍ ስትተክል አየኋት። ቆምኩ። እጇን ከሥራው አቁማ ቀና አለችና ጠበቀች። ኮቴዬን ሳትለየው አትቀርም። አልፌያት ሄድኩ። ኋላ ሰፈሩ ፈርሶ ሰው ሲበተን እነሱም የት እንደገቡ ሳላውቅ ቀረሁ። ጠይቄያለሁ፤ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ቅዳሜ ዕለት ቤዛ አልሳቀችብኝም። ጣቴን ያዘችና ሁለት መስመር ዝቅ አድርጋ ከቦታው አሳረፈችው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ያን ጊዜ ከእኔ ይፈለግ የነበረው ይህችው ነበረች።