እትዬ ይመኙሻልና ያልተመረገው ግድግዳ

ዛሬ ጠዋት ተደውሎ «ይመኙሻል አረፈች» ሲሉኝ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ዳንግላ ውስጥ ስንት ይመኙሻል አለ። «የትኛዋ?» አልኩ። «የእናንተዋ ናታ፣ የገበያዋ» አሉኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ትናንት ከሰዓት እኮ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ለግድግዳው ባቦካነው ጭቃ ላይ ውሃ ሲያፈሱ አይቻቸዋለሁ። ሌሊት ደረታቸውን አሟቸው፣ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ ነው የሚሉት። እስካሁን አልገባኝም።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ እዚህ ላይ ምንም ጽፌ አላውቅም። የሰው ፎቶ አይቼ ዝም ብዬ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለማታውቋቸው፣ እትዬ ይመኙሻል ገበያው ውስጥ አሮጌው ረድፍ ላይ ጨውና በርበሬ ይሸጡ ነበር። አሮጌው ረድፍ የምንለው ፊት ለፊቱ የእንጨት ምሰሶና በረንዳ ያላቸውን የጭቃ ሱቆች ነው። ገበያው የተጀመረው እዚያ ነው ይላሉ ትልልቆቹ። ምሰሶው ሲያዘም፣ ግድግዳው ሲቦረቦር ሁሉም «መፍረሱ ነው» እያለ ያልፋል። ሰው ያሰባሰቡት እሳቸው ናቸው። ሱቅ ያለውም የሌለውም ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እየመጣ ቦይ ይጠርጋል፣ ቆርቆሮ ይመታል፣ ግድግዳ ይመርጋል። ማንም አይከፍለንም።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት አቁሜ እናቴ ሱቅ ነው የምውለው። መጀመሪያ በር ላይ ቆሜ አያቸው ነበር። ለመግባት አፍሬ። አንድ ቀን ቀና ብለው አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ ጫማሽን አውልቂና ነይ ርገጪ» አሉኝ። ጭዱንና አፈሩን በእግር እየረገጥን ስናቦካ ዋልን። ለምን እንደማላወራ አልጠየቁኝም። ሰው ሁሉ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።

የፈረስ ጋሪዎቹ የሚቆሙት የሱቆቹ ምሰሶ ሥር ነበር። ጎማቸው እየመታ እንጨቱን ጨረሰው። እትዬ አንድ ቀን ጥጋቡ የሚባለውን ባለጋሪ አስቆሙት።

«ጥጋቡ፣ ፈረስህ ካንተ ይሻላል። እሱስ ምሰሶ አይቶ ይዞራል።»

«እንግዲያው ፈረሱን ያናግሩታ፣ እኔ ላይ ምን ያደክምዎታል?»

«አናግሬዋለሁ። ነገ አፈር ይዤ እመጣለሁ ብሎኛል።»

በማግስቱ ጥጋቡ ቀይ አፈር በጋሪ ጭኖ መጣ። «ቃል የገባው ፈረሱ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» አለ። ከዚያ ወዲህ ቀርቶ አያውቅም።

ያልሆነላቸውም ነገር አለ። አምና ረድፉ እንዲያምር ብለው ሲሚንቶ ለምነው አመጡና በጭቃው ላይ አስለሰኑት። እውነትም አማረ። ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው ከውስጥ ረጥቦ ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ተገነጠለ፣ ግድግዳውንም ይዞት ወረደ። ብዙ ሰው ሳቀብን። እትዬ «ሲሚንቶ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ ሁልጊዜ የሚሏትን አሉ፣ «በሉ፣ ከዚህ እንጀምር።» ዶማውን መጀመሪያ ያነሱት እሳቸው ናቸው።

እንደዚያ እያልን ረድፉን በጭቃ መልሰን አለበስነው። የቀረው የዳር ሱቁ ግድግዳ ብቻ ነው። ሰኞ ከማዘጋጃ ቤት መጥተው ያዩታል። ሳይመረግ ክፍት ሆኖ ካገኙት ለሰው ያሰጋል ተብሎ ረድፉ ሙሉውን ይፈርሳል። ጭቃው ቦክቶ ደርሷል። ልንመርግ የነበረው ነገ ሐሙስ ነው። ቀብራቸውም ነገ ነው።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ጥግ ተሰብስበን ነበር። ከመካከላችን ትልቁ ጋሽ አላምረው «ይቅር» አሉ። «በቀብሯ ቀን ጭቃ ብንረግጥ ሰው ምን ይለናል? በእኛ አገር ሰው በተቀበረበት ቀን ሥራ አይነካም።»

ጥጋቡ ጭቃው ከነገ ካለፈ ጭዱ በስብሶ እንደማይዝ፣ ቢይዝም እስከ ሰኞ እንደማይደርቅ ተናገረ። ጋሽ አላምረው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላው ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

ሌላ ሰው ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።

«ነገ ጠዋት መቃብራቸውን የሚቆፍሩት እነማን ናቸው?» አልኩ።

«እኛው ነና» አሉ ጋሽ አላምረው።

«ለእሳቸው ብለን አፈር ከነካን፣ ለግድግዳውስ ብንነካ ምንድን ነው ነውሩ?»

ጥጋቡ አየት አደረገኝና «ይቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ? እኔ እኮ እስከዛሬ በእጅ ምልክት ነበር የማናግራት» አለ። ድንኳን ውስጥ እንዳይሰማ አፋችንን ይዘን ሳቅን፣ ወዲያው ደግሞ አለቀስን።

ጋሽ አላምረው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤት እንቀመጣለን» አሉ። «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እኔም እመጣለሁ። የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ወደ እኔ ላኩት።»

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የዳንግላ ልጆች፣ ነገ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ዳር ሱቁ ጋ ኑ። መምረግ ባትችሉ ውሃ ታቀብላላችሁ። ለማውራት የምታፍሩ ከሆነም ኑ፣ ጭቃ ሲረገጥ ማውራት ግድ አይደለም።

እትዬ፣ በሕይወት ሳሉ ይህን ያህል አውርቼዎት አላውቅም። ነገ ከቀኝ በኩል እጀምራለሁ፣ ጋሽ አላምረው ከግራ። መሀል ላይ እንገናኛለን። ሰኞ ሲመጡም በር ላይ ቆሜ የማሳያቸው እኔ ነኝ። ለማውራት ባፍርም አሳያቸዋለሁ።

እርስዎ አሁን ይረፉ፣ እናቴ። ግድግዳውን ለኛ ይተዉት።