ወርቅቱና የክንፉ ጎማ

ቡራዩ፣ አምቦ መንገድ ዳር፣ ወርቅቱ ቦጂያን የማያውቅ የሚኒባስ ሾፌር አልነበረም። አባቷ ኦቦ ቦጂያ ወገባቸው አላሠራ ሲላቸው ጎማ ቤቱን ለቀቁላት፤ እሷም በሃያ ሦስት ዓመቷ ብረቱንም መዶሻውንም ተረከበች። ሴት ጎሚስታ አለች ሲባል ሰምቶ ለመሳቅ የመጣ ሁሉ ጎማውን አሠርቶ፣ አመስግኖ ይሄድ ነበር። ሌላው ጎሚስታ ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይጠብቃል። ወርቅቱ ግን አረፋ እንኳ የማያወጣውን፣ ሳምንት ሙሉ በቀስታ የሚተነፍሰውን ቀዳዳ፣ ከንፈሯን አርጥባ ጎማው ላይ በማስጠጋት ትይዘዋለች። አየሩ ሲነካት ከንፈሯን ቅዝቅዝ ይላታል፤ እዚያች ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች።

ዓባይነህ የሚባል የሰፈሯ ሰው ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ትንንሽ አውሮፕላኖች ባሉት አንድ የግል ድርጅት በጥገና የሚሠራ። አንድ ቅዳሜ ሦስት ጎማ ቤት ያልቻለውን ጎማ ይዞ መጣ። ቀዳዳውን በከንፈሯ ስታገኘው ቆሞ አየ። ጎማው ተሠርቶ ካለቀ በኋላም አልሄደም።

«አውሮፕላን ክንፉ ላይ ጎማ እንዳለው ታውቂያለሽ?» አላት።

«እግሩ ላይ ማለትዎ ነው፣ ጋሽ ዓባይነህ?»

«ክንፉ ላይ።»

የሚቀልድባት መስሏት ነበር። እሱ ግን በርጩማ ስቦ ተቀመጠና አስረዳት። ከፍ ባለው ደመና ውስጥ ያለች ጠብታ፣ ውሃ ከሚረጋበት ቅዝቃዜ በታች ወርዳም ገና ውሃ ሆና ትንሳፈፋለች፤ የምትረጋበት ነገር አላገኘችማ። አውሮፕላን መጥቶ ሲገጫት ክንፉ ላይ እዚያው በረዶ ትሆናለች። አንዷ በሌላዋ ላይ እየተደረበች ክንፉን ቅርጹን ታሳጣዋለች፤ ቅርጹን ያጣ ክንፍ ደግሞ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል። ትልልቆቹ ክንፋቸውን ከሞተር በሚመጣ ትኩስ አየር ያሞቁታል። ብዙዎቹ ትንንሾች ለዚያ የሚተርፍ ጉልበት የላቸውም። ስለዚህ የክንፋቸው ግንባር ጥቁር ጎማ ለብሷል። አብራሪው ቁልፍ ሲጫን ጎማው በአየር ይነፋና በላዩ የረጋውን በረዶ ይሰነጥቀዋል፤ ነፋሱ ይወስደዋል።



«ያ ጎማ ሲበሳ ማን ይሠራዋል?» አለች ወርቅቱ።

«እሱን ልጠይቅሽ ነው የተቀመጥኩት» አለ ዓባይነህ።

ጎማ ቤቱን ለአጎቷ ልጅ ለዲሪርሳ ትታ ዓባይነህ በሚሠራበት ድርጅት ሥራ ገባች። በመጀመሪያው ዓመት እጇን እንደ አዲስ ማስተማር ነበረባት። የመኪና ጎማ ይፋቃል፣ ይደበደባል፣ ይረገጣል፤ የክንፉ ጎማ ግን እንደ አራስ ልጅ ቆዳ ነው። ማስቲሹ ሌላ፣ ማጽጃው ሌላ፤ የቀዳዳው ስፋት ሳይቀር በመጽሐፍ ተወስኗል፤ ከዚያ ካለፈ ጎማው ይወገዳል እንጂ አይለጠፍም። እሷ የሠራችውን ዓባይነህ መርምሮ ይፈርምበታል። እንዲህ እያለች ዘጠኝ ዓመት ሞላት። በዘጠኙ ዓመት ውስጥ ግን በረዶውን አንድም ቀን በዓይኗ አላየችውም። አውሮፕላኖቹ ክንፋቸው ንጹሕ ሆኖ ይመለሳሉ፤ ለእሷ የሚደርሳት ጎማው ብቻ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ካፒቴን ቢታንያ የምታበረው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ቅሬታ ተጽፎበት መጣ፤ በግራ ክንፉ ጫፍ ያለው ጎማ ሲነፋ ይዘገያል የሚል። ወርቅቱ የሳሙና ውሃ ቀባችው፤ አረፋ የለም። ከንፈሯን አርጥባ ከዳር እስከ ዳር ተጠጋችው። ከሁለት ዓመት በፊት በገዛ እጇ የለጠፈችው ልጣፍ ጠርዙ ላይ ተነሥቶ ኖሯል፤ ከሥሩ ፀጉር የምታህል ትንፋሽ ትወጣለች።

ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ዓባይነህ ዘንድ ሄዳ ልጣፉ የእሷ መሆኑን ራሷ ነገረችው። እሱም ፀሐዩም ዝናቡም ሲፈራረቅበት ልጣፍ እንደሚያረጅ፣ ማንም ቢለጥፈው ይህ እንደሚያገኘው ነግሮ ሊያጽናናት ሞከረ። እሷ ግን የምታስበው በዚያ አውሮፕላን ተሳፍረው የሄዱትን ሰዎች ነበር። አሮጌውን አንሥታ፣ አጽድታ፣ አዲስ ለጠፈች። ዓባይነህ ሁለት ጊዜ መረመረው።

ለሙከራ በረራው ካፒቴን ቢታንያ ስትነሣ ወርቅቱን ጠራቻት። ካፒቴኗ በዕድሜ ብታንሳትም ንግግሯ ቁጥብ ነው። «ነይ ከእኔ ጋር» አለቻት። «የሠራሽውን እዪው።»

ወርቅቱ በርራ አታውቅም። እንጦጦን አልፈው የሱሉልታ ማሳና ቆርቆሮ ከሥራቸው እየጠበበ ሄደ፤ ከዚያ ደመናው ዋጣቸውና ዓለም ነጭ ብቻ ሆነች። ሽቅብ ወጡ፣ ወጡ። ካፒቴኗ የውጭው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች መውረዱን ነገረቻት።

በመጀመሪያ በክንፉ ግንባር ላይ የክር ያህል ነጭ መስመር ታየ። ወርቅቱ ዓይኗን ጠራረገች። መስመሩ ወፈረ፤ ጥቁሩ ጎማ ጠፋ። ከታች ሱሉልታ ላይ ሰው በጭቃ ይሄዳል፣ ዝናብ ይመታዋል፤ እዚህ ግን ያው ውሃ ዓይኗ እያየ ድንጋይ እየሆነ ነው፤ ከእነሱ በቀር የሚያየውም ሆነ የሚሰማው ሰው የለም። ስንት ሺህ ዘመን እንዲሁ በዚህ ከፍታ ሲንሳፈፍ ኖሯል? ደረቷ ውስጥ የፍርሃትም የደስታም ያልሆነ ነገር ሞላ። አውሮፕላኑ በትንሹ ተንዘፈዘፈ።

ካፒቴኗ ቁልፉን ተጫነች። በረዶው ሥር የተደበቀው ጎማ የተኛ በሬ ጎን ሲተነፍስ እንደሚነሣ ቀስ ብሎ ተነሣ። በረዶው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ፤ ቁርጥራጩ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ነጩ ውስጥ ጠፋ። በግራው ጫፍ ላይ ግን ክንድ የሚያህል በረዶ ሳይነቃነቅ ቀረ። ከሥሩ የእሷ ልጣፍ ነበር።

«ካፒቴን፣ ያ አልወደቀም» አለች በጣቷ እያመለከተች።

«አየሁት። ሲሳሳ አንዳንዴ ይቀራል። ትንሽ ይጨምርበት።»

ወርቅቱ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ጠበቀች። እንደዚያ የረዘመ ደቂቃ አይታ አታውቅም። ካፒቴኗ ደግማ ተጫነች። ጎማው ተነሣ፤ በረዶው በአንድ ጊዜ ተገንጥሎ ሄደ፤ ክንፉ ጥቁር ሆኖ አንጸባረቀ። ወርቅቱ «ዋቃዮ» ብላ አምላኳን ጠራች በሹክሹክታ፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ማታ ቡራዩ ስትገባ ለአባቷ አንድ በአንድ አወራችላቸው። ኦቦ ቦጂያ ጣልቃ ሳይገቡ ሰሙና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ታዲያ ያ በረዶ የት ወደቀ?»

መሬት ሳይደርስ ቀልጦ ዝናብ እንደሚሆን ነገረቻቸው። ኦቦ ቦጂያ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ዛሬ የሱሉልታ ሰው የማንን ዝናብ እንደጠጣ አያውቅም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ወርቅቱ ሁለት ጊዜ ለሙከራ በርራለች። ሁለቱንም ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ስትጠብቅ ካፒቴን ቢታንያ አይታት ሳቀች፤ በረዶ የሚናፍቅ ተሳፋሪ ጭና አታውቅምና።