የአያ ቢራራ ጆሮ

ደባርቅ ውስጥ ዕድሜው ከገፋ ሰው ፊት «አያ ቢራራ» ብትሉ ማን እንደሆኑ አይጠፋውም። ሳይስቅ ስማቸውን የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። ያ ሳቅ የኔ ሥራ ነው። ሌላ ሰው ታሪካቸውን ቢጽፍላቸው ይሻል ነበር፤ ምን ይደረግ፣ ከኔ በቀር እውነቱን የሚያውቅ የለም።

ከሞባይል በፊት ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ሆኖ ገጠር ያለ ዘመዱን ማነጋገር የፈለገ ሰው አስቀድሞ ጥሪ ያስይዝ ነበር። ጥሪውን ይዞ እስከ መንደሩ የሚሄድ እግረኛ ያስፈልጋል፤ እሱም አያ ቢራራ ነበሩ። ኮንጎ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ይወጣሉ። «ሐሙስ ረፋድ ላይ ከልጅሽ ስልክ አለሽ፣ እንዳትቀሪ» ብለው ይመለሳሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ መልእክት የሚይዙት በቃላቸው ነው። ላኪውን ሦስት ጊዜ ያስደግሙታል፣ ከዚያ እሳቸው ሦስት ጊዜ ይደግሙለታል። ቃል አይጨምሩም፣ ቃል አይቀንሱም። አንድ ጊዜ ሰው ለወንድሙ የላከውን ስድብ አንዲት ሳያስቀሩ አድርሰው፣ ተሰዳቢው ምሳ አብልቶ ሸኝቷቸዋል ይባላል።

መርዶም የሚሰጠው ለሳቸው ነበር። በኛ አገር መርዶ እንደ ሌላ ወሬ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ይደረስበታል። አያ ቢራራ ደግሞ በዚህ ላይ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው፤ በዓይኑ ያየ ሰው ካልመጣ ንቅንቅ አይሉም።

እኔ ዋሴ እባላለሁ፤ ከደባት መጥቼ ደባርቅ አማርኛ አስተምራለሁ። በሚሌኒየሙ ዓመት ሞባይል ገዛሁ። በሰፈራችን የመጀመሪያው ስለነበር በቆዳ ማኅደር ቀበቶዬ ላይ አንጠልጥዬ እንጎራደድ ነበር። ጎንደር ዘመድ ያለው ጎረቤት ሁሉ የኔን ቁጥር ይሰጣል። የአያ ቢራራ ሥራ እየቀዘቀዘ መጣ። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ማኅደሩን መታ መታ አደርግና፣ «አያ ቢራራ፣ እኔ እኮ አንቱን በኪሴ ይዤ ነው የምዞረው!» እላቸዋለሁ። እሳቸው ፈገግ ይላሉ። ቀልደኛ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ ባለጌ ነበርኩ።

በዚያው ዓመት አያ ያርጋል የሚባሉ ገበሬ ታመው ጎንደር ለሕክምና ተወሰዱ። መንደራቸው ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ በኩል የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልደረሰበትም። ልጃቸው ሐብታሙ አብሯቸው ሄደ፣ ሚስታቸው እትዬ ጤናዬ ቤት ቀሩ። ማክሰኞ ዕለት፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ሞባይሌ ጮኸ።

«መምህር፣ ሐብታሙ ነኝ። አባዬ ሌሊቱን ሲሰቃዩ አድረው አሁን አረፉ። ለእማዬ ላክልኝ...»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል፣ ብደውል አልገባልኝም። መምህራኑ ከበውኝ ስለነበር ሐዘን የደረሰበት ሰው ፊት አበጀሁ። እውነቱን ለመናገር አያ ያርጋልን እምብዛም አላውቃቸውም፤ የመጀመሪያው ሰሚ መሆኔ ውስጤን ደስ ሳይለው አልቀረም።

አያ ቢራራን ገበያነሽ ሻይ ቤት አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«እስቲ ቃሉን በለኝ። ሞቱ ነው ያለው ወይስ አረፉ?»

«አረፉ ነዋ! ለገዛ አባቱ ሞቱ ይላል እንዴ? አረፉ የአክብሮት ቃል ነው። አማርኛ አስተማሪው እኔ ነኝ ወይስ አንቱ?»

«እሱስ አንተ ነህ። ግን መምህር፣ የደከመውም ሰው እኮ ያርፋል። ያየ ሰው እስኪመጣ ብንጠብቅስ?»

«አያ ቢራራ! ልጁ ራሱ ከአልጋው አጠገብ ሆኖ ነው የደወለው። ይኼ እኮ ስልክ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ማየት አለ?»

ዱላቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «እሺ፣ አስከሬኑ መቼ ይገባል አለህ?»

መስመሩ ተቋርጧል፣ አልሰማሁም ማለት ነበረብኝ። ሻይ ቤቱ ሙሉ ሰው ያየኛል፣ ሞባይሉ እጄ ላይ ነው። «ነገ ከሰዓት በፊት ይገባል» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እስካሁን አላውቅም። አስከሬን ከመርዶ እንዳይቀድም ብለው እሳቸውም ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መርዶው ተነገረ። እትዬ ጤናዬ ፊታቸውን ነጩ፣ ፀጉራቸውን ተላጩ። የመንደሩ ጎረምሶች ግማሾቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መቃብር መቆፈር ጀመሩ፤ ግማሾቹ ቃሬዛ ይዘው አስከሬን ሊቀበሉ ከአያ ቢራራ ጋር ወደ ደባርቅ መጡ።

እነሱ መንገድ ላይ ሳሉ ሐብታሙ ደወለ። ድምፁ የደስታ ነበር። «መምህር፣ አባዬ ዛሬ ሾርባ ቀመሱ!»

«ትናንት አረፉ አላልከኝም?» አልኩት።

«አዎ፣ መርፌ ወግተዋቸው ከሕመሙ አረፉ፤ እንቅልፍም ወሰዳቸው። እማዬ እንዳትሰጋ ብዬ ነው እኮ። ምነው?»

«ምንም» ብዬ ዘጋሁት።

መናኸሪያ ስደርስ ጎረምሶቹ ቃሬዛውን አጥር ላይ አስደግፈው የጎንደሩን አውቶቡስ ይጠብቃሉ። አያ ቢራራን ወደ ጎን ስቤ በጆሯቸው አንሾካሾክሁላቸው። ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ጎረምሶቹ ዞረው፣ «ልጆቼ፣ አያ ያርጋል በሕይወት አሉ። የተሳሳተ ቃል ነው ያመጣሁላችሁ» አሉ። መጀመሪያ እልል አሉ። ወዲያው አንዱ በጋቢያቸው አንቆ ያዛቸው። «የቁም ሰው መርዶ! እናታችንን አስላጭተህ!» እያለ ሲያንገላታቸው፣ እኔ ሞባይሌን ታጥቄ ቆሜ አያለሁ። አያ ቢራራ አብሬያቸው ወደ መንደሩ እንድሄድ ሲጠይቁኝ፣ «ክፍል አለብኝ» አልኩ። እህል ሳይቀምሱ ያንን ሁሉ ዳገት መልሰው ወጡት።

አያ ያርጋል ድነው ሲመለሱ «እንኳን ማረልን» ልል እኔም ሄድኩ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ አያ ቢራራም መጥተዋል። እትዬ ጤናዬ የተላጨ ራሳቸውን በሻሽ ሸፍነው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባላቸው ሊያዩዋቸው ሲዞሩ ሻሹን ወደ ግንባራቸው ይጎትታሉ። ሐብታሙ በሰው ፊት ጠየቀኝ።

«መምህር፣ እኔ ለአንተ ነው የደወልኩት። አያ ቢራራን ምን ብለህ ነው የላክሃቸው?»

«ያልከኝን ነው የነገርኳቸው» አልኩ። «አረፉ ብለሃል፣ አረፉ አልኳቸው። አንዲት ቃል አልቀየርኩም።»

ቃሉ እውነት ነው፣ እኔ ግን ዋሽቻለሁ። ስለ አስከሬኑ ትንፍሽ አላልኩም። የሰው ሁሉ ዓይን አያ ቢራራ ላይ ዞረ። አሁን ይናገራሉ አልኩ በልቤ። ሰው የሚያምናቸው በዚያች ቃል አያያዛቸው እንደሆነ እሳቸውም እኔም እናውቃለን፤ ሌላ ሀብት የላቸውም።

«ጆሮዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አርጅቼ ይሆናል፤ ያዝኩት ያልኩት ቃል አመለጠኝ።» ከዚያ ተነሥተው ሄደው እትዬ ጤናዬ ጉልበት ላይ ወደቁ።

ከዚያ ወዲያ መልእክት የሰጣቸው ሰው የለም። ኔትወርክ ያልደረሰበት መንደር ብዙ ነበር፤ የሚልክ ሰው ግን ሌላ እግረኛ ይፈልጋል። የማይታመን ወሬ ሲሰማ፣ «የቢራራ ጆሮ ነው የሰማው?» ማለት የከተማው ቀልድ ሆነ። ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ሲሉት ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ጥቁር ሰሌዳውን አጥፍቻለሁ። አያ ቢራራ ገበያነሽ ሻይ ቤት በር ላይ እየተቀመጡ አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። ዱላቸውን ግን ከእጃቸው አልለዩም።

ሁለት ዓመት ሙሉ በሌላ መንገድ ስዞር ቆየሁ። አንድ ቅዳሜ አላስቻለኝም፣ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አያ ቢራራ፣ ለሰው ልናገር ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አስከሬን ይገባል ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። እንባዬ መጥቶ ነበር።

«ተው መምህር» አሉኝ። «አንተ የሰው ልጅ ታስተምራለህ። አስተማሪያችን ዋሾ ነው ካሉ ነገ ምን ብለው ይሰሙሃል? ቢራራ ደነቆረ ቢባል የሚጎድል ነገር የለም።»

ብዙ እንደሚጎድል አውቃለሁ። የጎደለው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። እምቢ ማለት፣ ያኔውኑ ተነሥቼ ገበያው መሐል መጮኽ ነበረብኝ። እኔ ግን ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ፤ ደስ አለኝ። ጎንበስ ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸውና ሻያቸውን ከፍዬ ሄድኩ።

አያ ቢራራ ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው። እኔ አሁንም አስተምራለሁ። ጠዋት ክፍል ስገባ ልጆቹ ብድግ ይሉልኛል።