እርሾው እስኪጨርስ

የመመረቂያ ሥራዬ ለመድኃኒት መሥሪያ የሚሆን አልኮል ማዘጋጀት ነበር። የዚህ አልኮል ሞለኪውል እንደ እጅ ነው፤ ቀኝና ግራ አለው። ለመድኃኒቱ የሚሆነው ቀኙ ብቻ ነው። በባሕር ዳሩ ቤተ ሙከራችን ሁለቱን የሚለይ ውድ ኬሚካል ስላልነበረ በዳቦ እርሾ ሠራሁት። መነሻውን ኬሚካል ባንዴ ካፈሰሱበት እርሾው ቀኙንም ግራውንም ደባልቆ ያወጣል። ጠብ ጠብ እያደረጉ ካበሉት ግን የሚፈለገውን ብቻ ይሠራል።

አባቴ ደቅ ደሴት ላይ መሪጌታ ነበሩ። ይህን በስልክ ስነግራቸው፣ "ይህን ሁሉ ዘመን የተማርሽ ጠላ ጠማቂ ልትሆኝ ነው?" ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ ግን በደወልሁ ቁጥር፣ "እህ፣ ለየ?" ሳይሉኝ አይዘጉም ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት ስልኩን የምታነሣው እናቴ ብቻ ሆነች። "ማኅሌት ቆመው አድረው ተኝተዋል" ትለኛለች። ድምፅዋ ስለ ሻከረ ጠየቅኋት፤ "ጉንፋን ነው" አለች። ፈገግታ የማያውቀው አማካሪዬም ምሳ እየገዛልኝ "መቼ ያልቃል?" ይል ጀመር። ደግነቱ የጤና አልመሰለኝም፤ ምሳውን ግን በላሁ።

ዓርብ ዕለት አጣርቼ ለካሁት። ግራው የለበትም ማለት ይቻላል። ደስ አለኝ። አማካሪዬ "እንኳን ደስ አለሽ" ብሎኝ ቶሎ ወጣ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከኋላቸው አማካሪዬ። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። አባቴ ድንገት ዐርፈው፣ ከተቀበሩ ሰንብተዋል። ማልቀስ ነበረብኝ፤ እንባው አልመጣም። ሽማግሌዎቹ ሲያለቅሱልኝ ደንዝዤ አየኋቸው። በጀልባውም ላይ እንደዚያው ነበርሁ።

ደቅ ስደርስ እናቴ አንገቴን አቅፋ፣ "ሥራሽ እንዳይበላሽብሽ ብለን ነው፣ ልጄ። እሳቸውም ቢሆኑ አትንገሯት ይሉ ነበር" አለችኝ።

ፈተና ላይ ላለ ልጅ መርዶ አይነገርም፤ ወጉ ነው። ያንን የእርሾ ጠርሙሴንም እንደ ፈተና ቆጥረውት፣ አንዴ ካመለጠ የማይመለስ መስሏቸው ነበር። አማካሪዬ እንዳልሆነ ያውቃል። ግን እሱም የዚህ አገር ልጅ ነው፤ ቤተሰብ አደራ ያለውን መርዶ አያወጣም። ሥራው ቢበላሽ ደፍቼው በሳምንቱ ሌላ እጀምር ነበር። ቀብሩ ግን አንድ ነው።

ይህን ለእናቴ አልነገርኋትም። "ደግ አደረጋችሁ፣ እማዬ" አልኋት።