ሌንሶቹ የተኙበት ፍራሽ

ሐረር ውስጥ ካሜራ ማስቀመጥ ከድንጋይ ጋር መደባደብ ነው። ጀጎል ውስጥ የምንኖርባት የቀበሌ ቤት ግድግዳዋ ክንድ ሙሉ ውፍረት አለው፤ ክረምት ሲመጣ ያልበዋል። እጅህን ብታስደግፍበት ረጥቦ ይመለሳል። የድሮ ሰዎች ግድግዳው ውስጥ በቦረቦሯቸው መደርደሪያዎች ላይ ሰሃንና ሙዳይ ይደረድሩ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሌንስ ደረደርኩ። ክረምቱ ሲወጣ አንዷን አንስቼ ወደ ብርሃን ባያት መስታወቷ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ በቅሏል። ግድግዳውን ቡጢ አቀመስኩት። እሱ ምንም አልሆነም፤ እኔ ጣቴ አብጦ የቅዳሜውን ሰርግ እያቃሰትኩ ፎቶ አነሳሁ።

ከዚያ ወዲህ ዕቃዬን ወደ አባቴ ሳንዱቅ አዞርኩ። አባቴ ወታደር ነበር፤ ተመድቦ መጥቶ ሐረር ቀረ፣ ሐረር ተቀበረ። የተወልን ያቺን የብረት ሳንዱቅና ታላቅ ወንድሜ ላይ ያጋባውን የወታደርነት አባዜ ብቻ ነው። ሳንዱቋን ብሎኬት ላይ አወጣኋት። እርጥበት እንዳይገባ ክዳኗን ዙሪያውን በብስክሌት ከመነዳሪ ጎማ ለጠፍኩት። ውስጧ ደግሞ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት እበትናለሁ። ፈረስ መጋላ ገበያ ያሉት ጫማ ሻጮች ጫማውን ትቶ ቆሻሻውን የሚለምን እብድ መጣ እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ጥርሳቸው ይርገፍ። የሞላ ባትሪ ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ ያለቀ ይደፋል፤ ከቦታው ያነሳብኝን ሰው እጁን እሰብራለሁ። ይኼ ቀልድ አይደለም፣ የምበላው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር፣ ሌንሱ ከብረቱ ጋር እንዳይጋጭ የሚነጠፍ ስፖንጅ። ስፖንጁ የመጣበት መንገድ ነው እንግዲህ ጥርሴን ያስወለቀኝ።

ወንድሜ ወደ ጦሩ ሲሄድ እማዬ ፍራሹን ጠቅልላ በገመድ አስራ መደቡ ላይ አቆመችው። እንግዳ መጥቶ መሬት ይተኛል እንጂ ያ ፍራሽ አይፈታም። ስልኩ ከጠፋ ዓመት አለፈው። አብረውት የሄዱት እየተመለሱ ጀጎል ፈላና በር ላይ ቆመው ሲሳሳቁ እያየች ታልፋለች። አንዱን ጠይቃው ነበር፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አላየሁትም አላት። መርዶ አልመጣም፣ ድንኳን አልተተከለም። አንድ ቀን ግን ሌንሶቼን በካልሲ ስጠቀልል አየችኝና ከተቀመጠችበት ተነሳች። ገመዱን በጠሰችው። ፍራሹን ዘረጋችና በዳቦ ቢላዋ መሐሉን ቀደደችው፣ በግ እንደሚገፍ ሰው።

«እንካ፣ ውሰድ። ማን ሊተኛበት ነው» አለችኝ።

እኛ ዘንድ የሞተ ሰው መኝታ ቤት ውስጥ አይቀመጥም፣ ለነዳያን ይሰጣል። እሷም ልጇን እየቀበረች ነበር፣ ያለ ለቅሶ፣ ያለ ቄስ። ገባኝ። ተቀብያት ለእያንዳንዷ ሌንስ በልኳ ቆረጥኩላት። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ፍራሽ ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም።

ወንድሜ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከባጃጅ ወርዶ አንድ እግሩን እየጎተተ በሩ ላይ ቆመ። እማዬ እልል አላለችም፤ ደፉ ላይ ዝርግፍ አለች። ጎንበስ ብሎ ራሷን ሳማት። እኔም አቀፍኩት፣ አጥንት ብቻ ነው። አቦ ደስ ብሎኝ ነበር። እስከ ምሳ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከበላ በኋላ ጎኑን ማሳረፍ ፈለገ። ወደ መደቡ አየ፣ ጓዳ ገብቶ አየ፣ ፍራሼስ አለ። እማዬ የታጠበውን ሰሃን እንደገና ማጠብ ጀመረች። እኔ ለማግስቱ ሰርግ ዕቃ ላዘጋጅ ሳንዱቋን ከፍቻታለሁ፤ መጥቶ በላዬ ቆመ። ልጅ እያለን ተደብቆ ሲያጨስ ስፖንጁን አቃጥሎት ነበር፤ ያቺን ቀዳዳ እኔ አስፍቼ ትንሿን ሌንስ ሸጉጬባታለሁ። ሌንሷን አወጣና ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ። ጣቱን እያዞረ ቆየ።

«ማን ነው የቀበረኝ?» አለ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልኩት። «ጠፋህ፣ ቆረጥኩት። ሰው ስልክ አይደውልም እንዴ?»

በጥፊ አጮለኝ። ጆሮዬ ውስጥ ደወል ተደወለ። ቻልኩት፤ ይገባዋል ብዬ ሳይሆን ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል ብዬ ነው። አላለቀም። ዞረና «አንቺስ እማዬ፣ ይኼ ውሻ ሲቆርጠው የት ነበርሽ?» አላት።

እማዬ አፏን ከፈተች። አውቃታለሁ፣ መዋሸት አትችልበትም፤ ገበያ እንኳን ተሸውዳ ነው የምትመጣው። ልትናገር ነው። እናቱ ተስፋ ቆርጣ፣ በገዛ ቢላዋዋ መኝታውን እንደቀደደች ከሰማ ያንን በር ወጥቶ አይመለስም። እሷም ሁለተኛ ሐዘን አትችልም። ቃሉ ከአፏ እንዳይወጣ ማድረግ ነበረብኝ፤ በቡጢ የወንድሜን አፍ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አልነግርህም። ፀጉሬን ይዞ ግንባሬን ከድንጋዩ ጋር አላተመው። ያመመ እግሩን በርግጫ መታሁት፤ አዎ፣ ያመመውን። ወደቀ፣ ጎትቶ ጣለኝ። እማዬ ከላያችን ሆና «ተዉ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ እኔ...» ማለት ስትጀምር «ዝም በይ አንቺ!» ብዬ አንባረቅኩባት። በሕይወቴ እንደዚያ ብያት አላውቅም። ወንድሜ እናታችንን እንዲህ ትላታለህ ብሎ ባሰበት። ትልቁን ሌንስ አንስቶ በሱ አፌን መታኝ፤ ጥርሴ የተነቀለው ያኔ ነው። ቀጥሎ ሌንሱን መደቡ ጠርዝ ላይ ደጋግሞ ቀጠቀጠው። ብርጭቆው ረገፈ፣ የውስጡ ቀለበቶች ተንከባለሉ። የካሜራውን አካል ግድግዳው ላይ ሰነጠቀው። ጎረቤቶች ገብተው እስኪይዙት ድረስ እኔ ወለሉ ላይ ሆኜ ደም እየተፋሁ እስቅ ነበር። ለምን እንደሳቅኩ ምናባቴ አውቃለሁ።

ጎረቤቶቹ እሱን ወደ ውጭ ይዘውት ሲወጡ እማዬ ጨው የገባበት ውሃ አምጥታ አፌን አጠበችልኝ።  ለምን አላስጨረስከኝም አለች፣ በሹክሹክታ።

«አንቺ ስትጠብቂው ነበር» አልኳት። «ሌላ ወሬ የለም።»

አንገቷን ደፋች። እሺ እንኳን አላለችም፤ እሺ እንዳለች ግን ሁለታችንም አወቅን።

የማግስቱን ሰርግ ሌላ ሰው አነሳው። ወንድሜ ስፖንጁን አንድ ሳያስቀር ከሳንዱቋ ለቅሞ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቆ ይተኛበታል፤ ሲገላበጥ ማዳበሪያው ሲንኮሻኮሽ እሰማዋለሁ። የተረፉኝን ሌንሶች በጋቢዬ ጠቅልያቸዋለሁ። አንነጋገርም። እማዬ ግን አንድ ሰሃን ላይ ነው የምታቀርብልን፤ በሱ በኩል የሱን፣ በኔ በኩል የኔን እንቆርሳለን፣ መሐሉ ላይ ወጡ እንደ ድንበር ይቀራል።

ባለፈው እሁድ እየበላን ሳለ ወንድሜ ጠቅልሎ አጎረሳት። «እዚህ ቤት የጠበቀኝ ያንቺ ልብ ብቻ ነው» አላት፣ እኔን እያየ። ጉርሻው ትልቅ ነበር፣ ጉንጯ አበጠ። አትውጠው፣ አትተፋው። ዓይኗን ወደ እኔ አነሳች። ቢላዋ ብትወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር። ከበኩሌ ቆርሼ ጎረስኩ። ቆይታ፣ ቆይታ ዋጠችው።